ከማንጎው ሥር የመጣችው መምህርት

የሥልጠናው ርእስ «ተማሪዎቻችሁን ከክፍል አውጡ» የሚል ነበር። ከየገጠሩ ተጠርተን ዞምባ ከተማ አዳራሽ ውስጥ የታጎርን መምህራን እናንቀላፋለን። አጠገቤ ያለችው ሴት ግን ጥግ መርጣ ተቀምጣ የግድግዳውን ልስን በመዳፏ ትዳብሳለች። ጠመኔዋን በሻሿ እጥፋት ውስጥ ሸጉጣዋለች። በየመሃሉ ቀና ብላ ኮርኒሱን ታያለች፤ ዳመና የምትፈልግ ነው የሚመስለው።

አሠልጣኙ አቶ ቺፌኮ መጋረጃውን ዘግቶ የዛፍ ፎቶ በፕሮጀክተር እያሳየ፣ «ዛፍ ሥር አስተምሮ የሚያውቅ አለ?» አለ።

«እኔ!» አለች አጠገቤ ያለችው ሴት።

አዳራሹ በሙሉ ባነነ። ከነፋስና ከፍየል ጋር እየተሻማች የምታስተምር ሰው ድምፅ ነው።

«ጎበዝ! እንዴት ጀመሩት?»

«አውሎ ነፋስ ጣሪያችንን ሲወስደው ነዋ፣ ጌታዬ! ማንጎው ሲበስል ግን ማን ይሰማኛል? ሁሉም ወደ ላይ ነው የሚያንጋጥጠው።»

አቶ ቺፌኮ አስጨበጨበላት። ከዚያ ለተግባር ልምምድ ግቢው ውስጥ ወዳለው ዛፍ እንድንወጣ አዘዘን።

«እርስዎስ፣ ማዳም?» አላት፣ ከወንበሯ አለመነሳቷን አይቶ።

«እናንተ ሂዱ። እኔ ከዚያ ነው የመጣሁት።»

ከዛፉ ሥር ሆኜ ዞር ብዬ አየሁ። መጋረጃውን ገልጣለች። ጠመኔዋን ከሻሿ አውጥታ ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ቀን ጻፈች፤ ከዚያ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞራ ማስተማር ጀመረች። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አዳራሹን ያባነነው ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ እዚያ ውስጥ መጮህ አያስፈልጋትም።