ቆርቆሮው ማዶ ያለው ቀሪ

ሃምሳ አለቃው የአጥሬን ቆርቆሮ ተደግፎ ማደር ከጀመረ ሦስት ክረምት አልፏል። ጠዋት ጠዋት፣ ጉሙ ከኮልፌ ጣሪያዎች ሳይነሳ፣ ስም ሲጠራ እሰማዋለሁ። አራት ስም። ከእያንዳንዱ በኋላ ዝም ይላል፤ ያኔ ቆርቆሮው አንዴ ኳ ይላል። በእጁ የሚመታው ይመስለኝ ነበር።

እግሩ ቆስሎ መሽተት ሲጀምር ጤና ጣቢያ ሄጄ ጮህኩ።

«እማማ፣ በጥሩ ጊዜ መጡ» አሉኝ። «ጎዳና ላይ የወደቁ የቀድሞ ወታደሮችን በጋራ ማከም የሚሠለጥኑ ባለሙያዎች አሉን።»

አራት ሆነው መጡ፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ። በጋራ የተባሉት ልጆች በየተራ፣ ለየብቻ ጠየቁት። በአራት ወረቀት ጻፉ።

በማግስቱ አሠልጣኛቸው ወረቀቶቹን ይዛ በሬን አንኳኳች።

«እማማ፣ ሰውየው እያታለለን ነው። ለአራቱም የተለያየ ስም ነው የሰጠው። ያለን አልጋ አንድ ነው፤ ለሌላ ሰው ልንሰጠው ነው።»

«እግሩስ? እግሩም ያታልላል?» አልኳት። «አራት ጊዜ የጠየቃችሁት እናንተ፣ የሚባረረው እሱ! ይሄ ፍርድ ነው? ነገ በጠዋት ሁላችሁም አንድ ላይ ኑ። አንድ ወረቀት ይበቃችኋል።»

መጡ። አግዳሚ ወንበሬን አውጥቼ ፊት ለፊቱ አስቀመጥኳቸው። ሃምሳ አለቃው እንደሌሉ ቆጥሯቸው የመጀመሪያውን ስም ጠራ። ዝም አለ። ቆርቆሮው ኳ አለ።

ሁለቱም እጆቹ ከዘራው ላይ ነበሩ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ እጆቹን አያለሁ። ሁለተኛውን ጠራ፤ ኳ። ሦስተኛውንና አራተኛውንም ጠራ፤ ኳ፣ ኳ። አራቱም ወረቀቶቹ ላይ የተጻፉት ስሞች ነበሩ።

«አባባ፣ እነማን ናቸው?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

«የምሽግ ጓደኞቼ። ሁሉም እዚያው ቀሩ። ስትጠይቁኝ ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ ስም አደረስኳችሁ። እነሱን ማን ጠይቋቸው ያውቃል?»

«የእርስዎስ ስም?»

«እሱ ቀሪ ነው።»

ትምህርት ቤት በቆየሁባት ጥቂት ዓመት፣ ስም ሲጠራ ቀሪ የሚባለው ያልመጣ ልጅ ነበር።

አሠልጣኟ አራቱን ወረቀቶች አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሐኪሙ በአንዲት ወረቀት ላይ «ሃምሳ አለቃ» ብሎ ጻፈ፤ ሦስቱ አንገታቸውን አስግገው እያዩ የየራሳቸውን ሐሳብ አስጨመሩ። አልጋው የእሱ ሆነ። መኪናው ሲመጣ ግን አልነሳም አለ።

«እትዬ፣ ማን ይጠራቸዋል?»

«እኔ። አጥሩ የእኔ አይደል? እግርህን ይዘህ ሂድ!»

በነጋታው ጉሙ ውስጥ ቆሜ አራቱን ጠራሁ። ኳ። ኳ። ኳ። ኳ።

«ነፋስ ነው፣ እማ» አለችኝ ልጄ ከውስጥ።

ነፋስ እስከ አራት መቁጠር የት ተማረ?

እግሩ እየዳነ ነው ይሉኛል። እኔም ጠዋት ጠዋት እጠራለሁ፤ በሙታኑ ስም ላይ አምስተኛ ግን አልጨምርም። እሱ ቀሪ ነው።