የግንቡ የውስጥ ፊት

አባቴ ግንበኛ ነው። ከቁስቋም ተነሥታችሁ እስከ ወለቃ መውጫ ብትሄዱ፣ ከድንጋይ ቤቶቹ ግማሹ የሱ እጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቢሆንብኝም ይሁን፣ አባቴ አይደል? ግን ብቻውን የሠራው አንድም ቤት የለም። የእኛ አገር የድንጋይ ግንብ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ግንበኛ ከውጭ ቆሞ የውጩን ይደረድራል፤ ሌላው ፊት ለፊቱ ከውስጥ ቆሞ የውስጡን ይደረድራል፤ መሀሉን በጠጠርና በጭቃ ይሞሉታል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቆመው ከውጭ ነው። ከውስጥ የሚቆመው ባልንጀራው ነበር። በዕድሜ ትንሽ ስለሚበልጠው አባቴም እኛ ልጆቹም «አያ» ነበር የምንለው።

ሲሠሩ ወሬ የላቸውም። አባቴ ሁለቱን ፊት የሚያያይዘውን ረጅም ድንጋይ ጫፉን ወደ ውስጥ አሳልፎ ሲያስቀምጥ «እንካ» ይላል። አያ «መጣሁ» ይልና የራሱን ድንጋይ ያስጠጋበታል። እንካ፣ መጣሁ፤ እንካ፣ መጣሁ፤ እስኪመሽ ይኸው ነው። ደግሞ በነሱ ዘንድ አንድ ነውር አለ፤ ግንበኛ በባልንጀራው ወገን ድንጋይ አያስቀምጥም። ባልንጀራው ለቅሶ ቢሄድ፣ ቢታመም፣ ይጠብቀዋል እንጂ እጁን አያስገባም። «ምነው፣ እነዚህ ሰዎች ተጋብተዋል እንዴ?» ስላት እናቴ ሳቋ ያመልጣት ነበር።

አያ የታመመው በአይከል መንገድ የያዙት ቤት ግንቡ ወገብ ላይ ሲደርስ ነው። አባቴ ግንቡን በላስቲክ ሸፍኖ ቤቱ ቁጭ አለ። የግንቡ ባለቤት መጥቶ ለመነው፤ ቆይቶም ተቆጣው። አባቴ «አያ ሲሻለው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። አያ ግን አልተሻለውም። ቀብሩ ላይ አገር ምድሩ ሲያለቅስ የአባቴ ዐይን ደረቅ ነበር። የመቃብሩን ድንጋይ በገዛ እጁ ካበና ወደ ቤት ገባ። መዶሻውንና ውሃ ልኩን አልጋ ሥር ከተታቸው።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ጠፋብን። ጠዋት ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ማታ ከዚያው ይነሣል። ምግብ ሲቀርብ «እናንተ ብሉ» ይላል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ እጮህበታለሁ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። እንዲሁ እንደተቀመጠ አያን ተከትሎት ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበረም።

አያ የተቀበረበት ደብር የግቢው አጥር በክረምቱ ዝናም ተንዶ ነበርና እንደገና ሊሠራ ነው ተባለ። ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ግን የሙያ ብቃት ምዘና ያላለፈ ግንበኛ አልቀጥርም አለ። ይህን ሲሰማ አባቴ ቀና አለ። ስንት ጊዜዬ ነው ያን አንገት ቀና ብሎ ካየሁት!

«ግንቡ በአያ ራስጌ ነው የሚያልፈው» አለኝ። «እኔ ቆሜ ሌላ ሰው ሊሠራው ነው?»

እኔ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ልብስ ስፌት አሰለጥናለሁ፤ ምዘናው እንግዳዬ አይደለም። ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት። ሙያውን ክፍል ገብቶ ሳይሆን ሥራ ላይ የተማረ ሰውም ይመዘናል። መዛኞቹ መዶሻ የጨበጡ፣ ከሥራው ቦታ የመጡ ሰዎች ናቸው። ዐይናቸው ሥር ትሠራለህ፤ መስመርህን፣ ውሃ ልክህን፣ የደኅንነት ቆብህን ሳይቀር ያያሉ። ከዚያ ለምን እንዲህ እንዳደረግህ ይጠይቁሃል፤ በአፍህ ትመልሳለህ። ከመቶ ይህን ያህል አገኘህ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ብቁ ነህ ይሉሃል ወይ ገና ነህ። ገና ካሉህም የጎደለውን ነግረውህ ትመለሳለህ።

«ብቻዬን ነው የምሠራው?»

«ብቻህን ነው እንጂ! ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩ የማን እጅ እንደሆነ በምን ያውቁታል?»

ተነሥቶ መዶሻውን ከአልጋ ሥር አወጣ። እኔም እሺ ያለኝ መሰለኝ።

የምዘናው ቦታ ከስፌት ክፍላችን መስኮት ፊት ለፊት ነበር። ሰልጣኞቼን ጨርቅ አስይዤ እኔ መስኮቱ ላይ ተለጠፍሁ። የታዘዘው ባለ ሁለት ፊት አጭር ግንብ ነው። አባቴ ሲባጎውን ወጠረና ጀመረ። አቤት እጁ! ያ ሁሉ ወር የተቀመጠ ሰው እጅ አይመስልም። ድንጋዩን አንድ ጊዜ አገላብጦ ያየዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ በቃ። ግን አያያዡን ድንጋይ ባስቀመጠ ቁጥር ቀና ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ አቀርቅሮ የውጩን ይቀጥላል። የውጩ ፊት እንዲያ አምሮ ሲወጣ ውስጡ የድንጋይ ጭራ ብቻ ነበር።

ከመዛኞቹ አንዱ፣ ጎልማሳ ሰው፣ ጠጋ አለና በአክብሮት «አባት፣ የውስጡስ?» አለው።

«የውስጡ የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

አባቴ እጁን በሱሪው ጠረገና ቆመ። መዛኙ ምን ያድርግ? የቆመለት ግንብ አንድ ፊት ብቻ ነው። ገና ነህ አሉት።

«ትችለው የለም ወይ?» ብዬ ጮህሁበት፣ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ። «ምን ሆነህ ነው፣ አባዬ?»

«መቻሉንማ እችላለሁ» አለ። «እጄ አይሄድልኝም።»

ምን ልበለው? ተናድጄበት ነበር፤ ደግሞ አንጀቴን በላው።

የደብሩ ግንብ ተጀመረ። አባቴ ደጃፉን ትቶ እዚያ እየሄደ ማየት ያዘ። ግንበኞቹ በምሥራቅ በኩል ጀምረው ወደ መቃብሩ እየመጡ ነበር። አንድ ቀን ለምሳ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ሥር ገባና ከምዘናው ወዲህ መልሶ ከቶት የነበረውን መዶሻ አወጣ። «የምዘናውን ቀን ጠይቂልኝ» አለኝ።

በሁለተኛው ምዘና ያው መዛኝ ነበር የገጠመው። አባቴ የመጀመሪያውን መደዳ ከውጭ ጨረሰ። አያያዡን ድንጋይ አስቀመጠ። መስኮቱን ከፍቼው ስለነበር ድምፁን ሰማሁት፤ «እንካ» አለ።

ከዚያ መዶሻውን ይዞ በግንቡ ጫፍ ዞረና ከውስጥ በኩል ገባ። አያ ይቆምበት በነበረው ወገን ቆሞ ድንጋይ አነሣ፤ ሆዱ ላይ አስደግፎ ያዘው። እንዲያው ያዘው። መዛኞቹ ተያዩ። እኔ «በእመቤቴ፣ አስቀምጠው፣ አባዬ፣ አስቀምጠው» እላለሁ ለራሴ።

«መጣሁ» አለ አባቴ። አስቀመጠውም።

ያን ጊዜ እንባው መጣ። ቀብሩ ላይ የጠፋው እንባ ሁሉ ወረደ፤ አልጠረገውም፣ ሥራውንም አላቆመም። እየዞረ ሠራ፤ ከውጭ «እንካ»፣ ከውስጥ «መጣሁ»፣ ራሱ ጠሪ ራሱ አቤት ባይ። መዛኙ «አሞዎታል፣ አባት?» ቢለው አላመመኝም ለማለት ራሱን ወዘወዘ። ሰልጣኞቼ መቀሳቸውን አስቀምጠው ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ወደ ሥራችሁ አላልኋቸውም። ግንቡ ሲያልቅ ቀጥ ማለቱን ሊያዩ ቱምቢ ጣሉበት፣ ውሃ ልክ አሳረፉበት፣ ጥያቄያቸውን ጠየቁት። ብቁ ነህ አሉት።

በባጃጅ ስንመለስ ደስታው ለኔ ብቻ የመጣ ይመስል አፌን አልዘጋ አልሁ። «እሰይ! ግንቡ አያ ጋ ሳይደርስ ደረስህለት። እንግዲህ ከውጭ ቆመህ ታሳያቸዋለህ።»

«ከውስጥ ነው የምቆም» አለ። «የውጩን ሌላ ሰው ይያዘው።»

«ምነው?»

«አያን ዛሬ ቀበርሁት እኮ» አለኝ። «ቦታው ባዶ ነው።»

ጭቃ የደረቀበትን እጁን ያዝሁት፤ ሰፈራችን እስክንደርስ አልለቀቅሁትም።