አባዬና የወንዙ ዳር መድፎች

ዝናብ የነካው ብረት በሸተተኝ ቁጥር የአባዬ እጅ ጉንጬ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ሽታው ከአሌክሳንድሪያ ማዶ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ካለው የድሮ ምሽግ አባዬ በእጁ ይዞት የሚመጣ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ጋደም ስትል፣ አባዬ እኔን ከነነጠላዬ ታክሲው ውስጥ አስገብቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደዚያ ይነዳ ነበር። ሌላው ልጅ ሞል ሲሄድ እኔ መድፍ ልጠይቅ እሄድ ነበር እንግዲህ!

ስፕሪንግ ላይ፣ ሣሩ ገና ለምለም ሳለ፣ የመድፎቹን አፍ እየዳበሰ ውሃውን አሻግሮ ያይ ነበር። በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ጠረፍ መድፈኛ እንደነበረ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ ስለዚያ ትንፍሽ አይልም። የጥንቶቹ የአሜሪካ ወታደሮች የእንግሊዝ መርከቦች በወንዙ ሲመጡባቸው የገዛ ምሽጋቸውን አፈንድተው እንደሸሹ፣ ይሄኛው በምትኩ እንደተሠራ ከአስጎብኚ ሰምቶ ኖሮ፣ ግንቡን ተደግፎ «ሰው ነው የሚሸሸው፤ መድፍ የትም አይሄድም» ይለኝ ነበር።

ሰመር ሲገባ ሙቀቱ ያንገበግበኝ ነበር። «ዳድ፣ ካን ዊ ጎ ሆም?» እያልኩ ስነዘንዘው፣ «ትንሽ ጠብቂ፣ ታደሰ ይመጣል» ይለኝ ነበር። ታደሰ የሚባል ሰው መጥቶ አያውቅም። በየዛፉ ሥር ሰው የቆመ እየመሰለኝ በነጠላዬ እሸፋፈን ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አባዬንም ጭምር እፈራው ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ፎል፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ራሱ አወጣው። ታደሰ አብሮት መድፍ ላይ የተመደበ ጓደኛው ነበር። ከተማዋ በተያዘች ዕለት «አንተ ጀልባው ላይ ውጣ፣ እኔ መድፉን ከጥቅም ውጪ አድርጌ እከተልሃለሁ» ብሎት፣ አባዬ ወጣ፣ ጀልባዋ ሄደች፣ ታደሰ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማ የለም። «ሞቷል ብዬ ፍትሐት እንዳላስፈታው፣ ቤተ ክርስቲያን ሙት የምታስበው በክርስትና ስሙ ነው። አንድ ትሪ ላይ ስንበላ ኖረን፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም!» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

በዚያው ዓመት ስኖው መሬቱን እንደሸፈነው፣ አጥቢያችን እዚሁ እያለ፣ ማንም ወደማያውቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ነድቶ፣ ለአንድ ቄስ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ረጋ አለ፤ «ታደሰ ይመጣል» ማለቱንም ተወ። ስሙን ከየት አገኘኸው ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ልጅ አይደለሁ!

አባዬ ያረፈ ሰሞን፣ እኚያ ቄስም ጸሎት እንዲያደርጉለት ብዬ ሄድኩ። አርጅተዋል። የክርስትና ስሙን ሲጠይቁኝ «ወልደ ጊዮርጊስ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ስም እኮ ከሙታን ጋር ስጠራው ስንት ዓመቴ! አባትሽ 'የጓደኛዬ ነው' ብሎ ነው የሰጠኝ» አሉኝ። ወይ አባዬ፣ የራሱን የክርስትና ስም ለታደሰ ሰጥቶ በቁሙ ሲፈታ ኖሯል!

ያኔ ቶሎ ቤት እንሂድ ብዬ እነዘንዝ የነበርኩት፣ ዛሬ ማንም ሳይወስደኝ ሄጄ ብረቱን እዳብሳለሁ፤ ልጄ መኪና ውስጥ ሆና ስልኳን ትነካካለች፣ አልቆጣትም። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ እነዳለሁ። በየዓመቱ አንድ ስም አስጠራለሁ፤ ለሁለት ሰው።