የአፖ ላጉናይ ያልሆነው ዘፈን

ማርሴሊና በካሊንጋ ተራራ ላይ ባለችው ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙዚቃ አስተምራለች። ያስተማረችው ሁሉ ግን የከተማ መዝሙር ነው፤ ከአገሯ ዘፈን አንድም አታውቅም። በሰባት ዓመቷ ቆላ ወዳለው የመነኩሲቶች አዳሪ ቤት ተልካ ነበር። ከተመለሰችም በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲቀልዱ ሁልጊዜ ዘግይታ ነው የምትስቀው።

"ከእንግዲህ ሙዚቃ በአካባቢው ዘፈን ይሰጥ" የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ደነገጠች። እዚሁ ተወልዳ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ "ዘፈናችንን አስተምሩኝ" ብላ መጠየቅ አሳፈራት። ከልጅነቷ ትዝ የሚላት አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ አያቷ ወንበር ላይ ዝም፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አሳማ ታርዶ፣ ሴቶች ከበዋቸው ሲያዜሙ። ድግስ መስሏት ነበር።

ለልጆቹ እንዲሆን ጭብጨባ ጨመረችበት። ግጥሙ የጠፋባትን በ"ላ ላ ላ" ሞላችው። ከትእዛዙ ጋር በመጣው ቅጽ ላይ "ዘፈኑን ያስተማረው" የሚለው ቦታ ባዶ እንዳይቀር ደግሞ የመንደሩን አውራ አልቃሽና ዘፋኝ፣ የአሮጊቷን የአፖ ላጉናይን ስም ጻፈች።

በወላጆች ቀን ሠላሳ ሕፃናት እያጨበጨቡ ጀመሩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ አሮጊቶቹ ቅጠል ማኘካቸውን አቆሙ። ሽማግሌው ባያንጋን ብድግ አሉ።

"ማን ሞተ?"

ሕፃናቱ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ቲቸር፣ አንቺን ነው! ሬሳ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ይህ ሙሾ አይወርድም። በማን ልጅ ላይ ሞት ልትጠሪ ነው?"

"ያውም በጭብጨባ!" አለች አንዲት እናት ልጇን ከሰልፉ እየጎተተች። "እኔ ስሞትማ ጨፍሩልኝ!"

የአያቷ ዝምታ ለማርሴሊና ያን ጊዜ ገባት፤ ወንበሩ ላይ የነበረው ሬሳቸው ነው። ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን አገላበጠና፣ "እዚህ... ከአፖ ላጉናይ የተገኘ ይላል" አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አፖ ላጉናይ ማርሴሊናን አዩዋት፤ ማርሴሊና መሬት መሬቱን አየች።

"አዎ፣ የኔ ጥፋት ነው" አሉ አፖ ላጉናይ። "አምታታሁባት። የሟርቱን ማርከሻ ዶሮ አመጣለሁ።"

"አንቺ? አንቺ ሙሾ አምታታሽ?"

"አርጅቻለሁ፣ ባያንጋን። አንተስ ትናንት ቤትህን ስተህ የሰው ደጅ ስታንኳኳ አልነበር?"

ሰው ሳቀ። ማርሴሊና ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው።

በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ አረፉ። ሙሾ እንድታወርድ የተጠራችው ግን ሌላ ሴት ናት። በአገሩ ልማድ፣ በአደባባይ "አጠፋሁ" ያለ ሰው ከሬሳው አጠገብ አያለቅስም። ሃምሳ ዓመት ሙታኑን የሸኙት አፖ ላጉናይ፣ ለቅሶው ቤት ደጅ ከድስት አጣቢዎቹ ጋር ተቀመጡ።

ማርሴሊና ሁለት ቀን በዚያ አለፈች፤ ሁለቱንም ቀን የቸኮለች መሰለች። በሦስተኛው ቀን ገብታ ሬሳው ፊት ቆመች።

"አፖ ላጉናይ ምንም አላስተማሩኝም። ጠይቄያቸውም አላውቅ። ስማቸውን ዋሽቼ ነው የጻፍኩት።"

ማንም አልተገረመም።

"እናውቃለን" አሉ ባያንጋን። "ስንት ቀን እንደሚፈጅብሽ ነበር የምናየው።"

ፊቷ ነደደ። ለመውጣት ስትዞር አፖ ላጉናይ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ በበሩ ገቡ። ከሬሳው አጠገብ፣ ከቀድሞ ቦታቸው ተቀመጡና ምንጣፉን መታ መታ አደረጉ።

"ነይ፣ ልጄ። ቁጭ ብለሽ ስሚ" አሏት። "እንዳታጨበጭቢ ብቻ።"