የፍሪዘሩ ደመና

የፍሪዘር ክዳን ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ሲገባ፣ እማዬ ተቀጥራ እያደረች ትሠራበት የነበረው፣ ጅቡቲ ሆዳን የሚባለው ሰፈር ያለው የማዳም ቤት ፊቴ ይደቀናል። ማዳም ሊሴ በሚሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይንስ የምታስተምር ፈረንጅ ነበረች፤ እኔም ከእማዬ ጋር ጓሮ ባለችው ክፍል እንድኖር ፈቅዳልን ነበር።

በሙቀቱ ወራት፣ ነፋሱ አቧራ እየነዛ መብራት ሲጠፋ፣ የቤቱ ትልቁ ሕግ ፍሪዘሩ ያለጉዳይ እንዳይከፈት ነበር። ከእማዬ በፊት የነበረችው ሠራተኛ በዚሁ ሰበብ ተባራለች። እኛም ብንባረር መመለሻችን ካርቲየ 6 በሚባለው የድሆች ሰፈር፣ ሴቶች ተጨናንቀው የሚያድሩባት አንዲት ክፍል ነበረች፤ እማዬ ይህን እያሰበች ክዳኑን እንደ እንቁላል ትይዘው ነበር።

ከፍሪዘሩ በላይ እንደ ዛጎል ሆድ የሚያብረቀርቅ፣ ሮዝና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ደመና ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። እማዬ ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ፣ ይህን የሚያህል ደመና ዝናቡን የት እንደሚጥለው ትጠይቀኝ ነበር። አንድ ከሰዓት ቤቱ ጭር ሲል፣ ደመና እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ ብላ ክዳኑን ብድግ አደረገችው፤ የጅቡቲ እርጥብ ሙቀት ከቅዝቃዜው ጋር ሲገናኝ ነጭ ጉም ተነስቶ ክንዳችን ላይ ፈሰሰ፣ እሷም እንደ ልጅ ሳቀች። ዞር ስንል ማዳም ገብታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ፈረንሳይኛ የምችለው እኔ ስለነበርኩ፣ እማዬ ፊቷ ጠቁሮ፣ «ለልጄ ደመና እያሳየኋት ነው በያት» አለችኝ።

ማዳም ክዳኑን በዝግታ ገጥማ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ ማስረዳት ጀመረች፤ እኔም ያለ ደመወዝ የሳይንስ አስተርጓሚ ሆንኩ። የፎቶው ደመና የሚፈጠረው በዋልታ ክረምት፣ ፀሐይ በማትወጣበት ወቅት፣ ተራ ደመና ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ደመና አይሆንም፤ ሲሆንም የውሃ በረዶ ብቻ ሳይሆን፣ ከውሃ ጋር የረጋ ናይትሪክ አሲድና የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ አለበት። ያን ቀለም የሚያወጣው ከአድማስ በታች ያለችው ፀሐይ ብርሃን በደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ሲበተን ነው። ፀሐይ ስትመለስ ደግሞ፣ በቅንጣቶቹ ላይ የተቀሰቀሰው ክሎሪን ከጨረሯ የሚከልለንን ኦዞን ይበላል።

«ዝናብስ?» አለች እማዬ። አይጥልም ብዬ ተረጎምኩላት።

ማዳም አላባረረችንም። በማግስቱ ግን ፍሪዘሩን ቆለፈችው፤ እማዬም አንድ ዓሣ ለማውጣት እንኳ ቁልፍ መለመን ነበረባት። ሙቀቱ አልፎ ቀዝቀዝ ያሉት ወራት ሲገቡ እንኳ ፍሪዘሩ እንደተቆለፈ ቀረ። ስትጠይቅ ድምጿ እንዴት ዝቅ ይል እንደነበር ሳስታውስ ዛሬም እናደዳለሁ።

አሁን እኔም የምኖረው ሆዳን ነው፤ የፍሪዘሬ ቁልፍ የት እንደወደቀ አላውቅም። ባለፈው ሙቀት እማዬ ልጄን ወንበር ላይ አቁማ፣ ክዳኑን ከፍታ ጉሙን ስታሳያት ደረስኩ። ስታየኝ ደንግጣ ልትዘጋው እጇን ሰደደች።

«ተይው እማዬ፣ ይቆይ» አልኳት።