የጋሼ ወልደጻድቅ ጆሮ

አዲስ ከተማ ባሉት ጋራዦች የጋሼ ወልደጻድቅን ጆሮ የማያውቅ ሾፌር የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲዞር ሰምተው ብቻ «ባትሪ ነው»፣ «ማስነሻ ሞተሪኖው ነው» ይላሉ፤ ያሉትም ሆኖ ይገኛል። ባትሪ በቴስተር የሚለካ ኤሌክትሪሺያን ሲያዩ ሳቃቸው ይመጣል።

ያ ጆሮ ከከዳቸው ግን ሁለት ዓመቱ ነው። ለነፍስ አባታቸው እንኳ አልተናገሩም። ሰው ሲያወራቸው ከንፈሩን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሲስቅ አብረው ይስቃሉ። እንጀራቸው ነዋ፤ ደንቆሮ ነው ከተባሉ ማን መኪናውን ያመጣላቸዋል?

ባለፈው ሳምንት ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ዓሣ የምታመላልሰው ፀደይ «ፒካፔ አልነሳ እያለ አስቸገረኝ» ብትላቸው፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ኮፈኑ ጠጋ ብለው «ባትሪሽ ነው፣ ቀይሪ» አሏት። ቀየረች። ዛሬ ጠዋት አዲሱም ባትሪ ሞቶ፣ የጫነችው ዓሣ መንገድ ላይ ሸትቶ፣ ተጎትታ መጣች።

«በይ አስነሺው» አሉ።

ፀደይ አየቻቸው። «እያስነሳሁት ነው እኮ ጋሼ። ቋ ቋ ሲል አይሰማዎትም?»

ሊዋሹ አፋቸውን ከፈቱ። የዓሣው ሽታ መጣና አፈሩ። «አይሰማኝም። ባለፈውም አልተሰማኝም፤ በግምት ነው ያስቀየርኩሽ። ዛሬ ግን ሳላገኘው አልለቅሽም።»

ከጎረቤት ጋራዥ ያንን የሚስቁበትን ቴስተር ተዋሱ። በሌላ ባትሪ ሞተሩን አስነስተው ለኩ፤ አሥራ አራት ቮልት መድረስ የነበረበት ከአሥራ ሁለት አላልፍ አለ። ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም ማለት ነው። የብሎን መፍቻ ካቻቢቴ ጫፍ ዲናሞው ላይ አስደግፈው እጀታውን በጥርሳቸው ነከሱ። ጆሯቸው የነፈጋቸውን በንዝረቱ መንጋጋቸው ነገራቸው፤ ውስጡ ያለው፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንገጫገጫል። ከደስታቸው የተነሳ እንባቸው መጣ።

ዲናሞውን ፈቱ። ያለቀውን ኩሽኔታና አብሮት የተበላውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ካርቦን ቀይረው መልሰው ገጠሙት። ቴስተሩ አሥራ አራት ሲል አላመኑም፤ ደግመው ለኩ።

ፀደይ ቁልፏን ይዛ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለችና አንድ ነገር አንሾካሾከች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆን ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፉ ነበር።

«አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ» አሉ።

«የጆሮዎን ነገር ለሰው ላውራ ወይስ በመሃላችን ይቅር?» ብላ ጮኸች።

የጋራዡ ሰፈር ሁሉ ዞሮ አየ።

«አንቺው ጨረስሽው እኮ» አሉ ጋሼ ወልደጻድቅ፣ ካቻቢቴውን በጨርቅ እየጠረጉ። «በይ ንገሪያቸው። የሚመጣ ጮክ ብሎ ያናግረኝ፤ የመኪናውን ችግር እኔው አገኘዋለሁ።»