የሙሉዓለም 1969

መምህር ሙሉዓለም መሰላ ከተማ ከነጋዴ ቤት ተወልዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሮ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ አሥራ አንድ ዓመት አስተማረ። ከክፍል ውጭ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ ከሩቅ ሕዋ የሚመጡ ኮስሚክ ጨረሮች ፀሐይን ሲመቷት ስንት ጋማ ጨረር ወደ ምድር እንደሚደርስ በእርሳስ ማስላት። አራት ዓመት ፈጀበት። በ1978 ጉበቱ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ስሌቱን በንጹሕ ገልብጣ አዲስ አበባ ላለው ለቀድሞ አስተማሪው እንድትልክለት ደብተሩን ለእህቱ ሰጣት።

እህቱ ወሰንየለሽ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ እሷም ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምራለች። በተማሪ ስም «ሠ» በ«ሰ» ተተክቶ ካየች አታልፍም። ውጤት ውጭ አገር ሲላክ ዘመኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ የዘወትር ሥራዋ ነው። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ እጇ ቆመ። ወንድሟ ያሰላው ፀሐይ ለረጋችበት ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር ለ1969 ነበር። የኮስሚክ ጨረሩን መጠን ግን ከፈረንጅ ሰንጠረዥ፣ «1969» ከሚለው መስመር ቀድቶታል። ያ በእኛ 1961 ነው፤ ፀሐይ ተቆጥታ ጨረሩን ከደጇ የምትመልስበት ዘመን።

ሆስፒታል ስትገባ፣ «ለሙሜ ሰጠሽው?» አላት።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር ሙሜ ከአልጋው ግርጌ ቆሟል። «ኧረ ቲቸር፣ እሷ ነጥብ ትቆጥራለች! ወላሂ፣ እስክትጨርስ ፀሐይዋ ራሷ ትጠፋለች።»

«ሙሉዬ፣» አለች፣ «1969 ያልከው የማንን ነው?»

ደብተሩን ከእጇ ወስዶ ገጹን ተመለከተ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «መለኪያ ላልጻፈ ተማሪ ዜሮ ስሰጥ ኖሬ!»

«ውጤቱን በሆነ ቁጥር ባባዛውስ?»

«አይሆንም። ለእያንዳንዱ የጨረር ጉልበት ለየብቻ ነው የሚለወጠው። እርሳስ አምጪ።»

እሱ እየነገራት እሷ ጻፈች። ሰኞ ሁለት መስመር፣ ማክሰኞ አንድ። ረቡዕ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ፣ «ከዚህ ቀጥሎ...» አለ።

«ቀጥሎ ምን?» ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሐሙስ አረፈ።

ሠልስቱ ሲወጣ ደብተሩን ይዛ ተቀመጠች። አራተኛው መስመር እምቢ አላት። የተማረችው ትምህርት እስከዚያ አያደርስም። የሚጠየቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ከስሌቱ ጋር አንዲት ወረቀት አያይዛ ፖስታውን ለሙሜ ሰጠችው፤ እሱም በዚያ ቀን አልቀለደም። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦

«ከገጽ አሥራ ሁለት በኋላ ያለው ውጤት ትክክል አይደለም። ማረም የሚችለው ሰው ሞቷል።»